ስምና ቍጥር

የአገራችን ሰው «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ሲል፣ ስም የሚሰጠው ሰው ብቻውን እንዳልሆነ መናገሩ ነው። እናት ወይም አያት ወይም የክርስትና አባት ስሙን በአንደበቱ ቢያወጣውም፣ ከበስተኋላው የማይታይ መካሪ አለ፤ ልጁ አድጎ የሚሠራውንም ሥራ ያ መካሪ አስቀድሞ አይቶታል ማለት ነው። ይህ አሳብ ለልጅ ሲሆን ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ለመግደያ መሣሪያ ስም የሚያወጣለት ማን ነው? ስሙስ ከሌላ ሰው አገር፣ ያውም ሊገድሉበት ከሄዱበት አገር የተወሰደ እንደሆነ፣ መልአኩ የወዴት መልአክ ሊባል ነው? ደግሞስ ስም ከመስጠት ይልቅ ቍጥር ብቻ ሰጥቶ መተው ይሻል ይሆን?

ይህን ጥያቄ ያመጣብን አንድ ዝርዝር ነው። በእስቴ መካነ ኢየሱስ ታሪክ የሚያስተምር ወዳጃችን ከመጽሐፍ የገለበጠውን የኢጣልያ ሰርጓጅ መርከቦች ስም አሳየን። ማንበብ ስንጀምር የመርከብ ነገር ሳይሆን የአገራችን የጂኦግራፊ ትምህርት መሰለን። አድዋ፣ አክሱም፣ አላጌ፣ አራዳም፣ አሸንጌ፣ መቀሌ፣ ሽሬ፣ ተምቤን፣ ደሴ፣ ነገሌ፣ ደጋሐቡር፣ ዋቢ ሸበሌ፣ ጐንደር ይላል። በእነዚህ ላይ ቤይሉል ከኤርትራ ጠረፍ፣ ላፎሌ፣ ዋርሼክና ዱርቦ ከሶማሌ አገር ተጨምረው 17 ይሆናሉ። እያንዳንዳቸው 60 ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው፣ ከ40 የሚበልጡ መርከበኞች የሚይዙ፣ በ1928 ዓ.ም. እና በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት የተሠሩ መርከቦች ናቸው። ነገዳቸውም በጠቅላላው «የአድዋ ዓይነት» ተብሎ ይጠራ ነበር።

ወዳጃችን «ጐንደርም አለችበት» ብሎ በጣቱ ሲያሳየን፣ ሳንነጋገር ጥቂት ቆየን። ከተራራ ላይ ያለች፣ ባሕር አይታ የማታውቅ ከተማ ምን ልታደርግ ከሜዲቴራኒያን ውኃ በታች ገባች?

ምክንያቱን ለመረዳት የራቀ ምርምር አያሻም። አላጌ፣ መቀሌና አድዋ ለኢጣልያ በ1888 ዓ.ም. የውርደት ስሞች ነበሩ። ከ40 ዓመት በኋላ በ1928 ዓ.ም. እነዚያኑ ቦታዎች ሲይዙ፣ ስሙን በብረት ላይ ጽፎ ወደ ባሕር ማውረድ የቀድሞውን ኀፍረት ማጠብ መሰላቸው። የቀሩትም ስሞች እንደ አዳኝ ግዳይ የተሰበሰቡ ናቸው። በተምቤን፣ በአራዳምና በአሸንጌ ሐይቅ ዳር በሠራዊታችን ላይ የመርዝ ጋዝ መዝነቡን የማያውቅ አንባቢ የለም። እንግዲህ የመርከቡን ስም ያወጣው ሰው «አሸንጌ» ብሎ ሲጽፍ፣ ከማይጨው የተመለሰው ቍስለኛ ከዚያ ሐይቅ ውኃ ሊጠጣ ጐንበስ ባለበት ከሰማይ የወረደበትን እያሰበ ነበርን? አልነበረም ብለን እናምናለን። ስሙ ለእርሱ የድል ወሬ ብቻ ነበር። እንዲያውም «አምባራዳን» የሚል ቃል በጣልያንኛ ዛሬም አለ፤ ከአምባ አራዳም የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ዝብርቅርቅ፣ ትርምስምስ ማለት ነው። የልጁ ክፍል የተዝረከረከባት የጣልያን እናት ይህን ቃል ስትናገር የማንን ሬሳ ረግጣ እንደምታልፍ አታውቅም። አለማወቋም በደሏን አያከብደውም፤ ነገሩን ግን ይበልጥ ያሳዝነዋል።

መርከቦቹ ምን እንደ ደረሰባቸው ደግሞ እንመልከት፤ በዚህ ላይ ጥቂት ብንዘገይ አንባቢ ይታገሠናል። መቀሌ ከምጽዋ ተነሥታ በቀይ ባሕር ስትሄድ፣ አየር ከሚያቀዘቅዘው መሣሪያዋ የወጣ መርዛም ጋዝ መርከበኞቿን አሳበዳቸው፤ መርከቢቱም ሰኔ 8 ቀን 1932 ዓ.ም. ከድንጋይ ላይ ወጥታ ቀረች። በጋዝ በተያዘ አገር ስም የተጠራች መርከብ በጋዝ ጠፋች ብሎ የእግዚአብሔርን ፍርድ የሚያይ ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ ያለውን ፍርድ ለመናገር አንደፍርም፤ የታመሙት መርከበኞች ጋዙን በተምቤን ያዘነቡት ሰዎች አልነበሩምና። ጐንደር ሰዎች እንደ ፈረስ ተቀምጠው በባሕር ውስጥ የሚነዷቸውን ቶርፔዶዎች ጭና ወደ እስክንድርያ ስትሄድ መስከረም 20 ቀን 1933 ዓ.ም. ሰጠመች፤ አብዛኞቹ መርከበኞቿ ተማረኩ። ልክ በዓመቱ፣ መስከረም 20 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ አድዋ ሰጠመች። ነገሌ ከነመርከበኞቿ በኤጅያን ባሕር የጠፋችው ጥር 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ በእኛ አገር ታቦታት ወደ ውኃ ወርደው በእልልታ በሚመለሱበት በጥምቀት ዕለት ማለት ነው።

ሽሬ ከሁሉ ይልቅ ዝነኛ ሆነች። በታኅሣሥ 1934 ዓ.ም. ስድስት ሰዎች በሦስት ቶርፔዶ ላይ አስቀምጣ ወደ እስክንድርያ ወደብ ልካ፣ ሁለት ታላላቅ የእንግሊዝ የጦር መርከቦችን አስመታች። እርሷም በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በሃይፋ አጠገብ ከነሰዎቿ ሰጠመች። አክሱም በዚያው ወር በአንድ ጊዜ በተኰሰቻቸው አራት ቶርፔዶዎች ሦስት መርከቦችን መታች። አላጌ ግን ሰኔ 1 ቀን 1934 ዓ.ም. የገዛ ወገኗን የኢጣልያ የጦር መርከብ በስሕተት አሰጠመች፤ ከ17ቱም ጦርነቱን አልፋ የቀረችው እርሷ ብቻ ናት። የአላጌ ተራራ ራሱ ደግሞ የኢጣልያው እንደራሴ የአኦስታ መስፍን ግንቦት 11 ቀን 1933 ዓ.ም. እጁን የሰጠበት ቦታ ነው።

ጐንደር ከተማ ነፃ የወጣችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ይኸውም በስሟ የተጠራችው መርከብ ከሰጠመች 14 ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው መሆኑ ነው። በነዚያ ወራት እንግሊዝ «ጐንደር ተደመሰሰች» ብሎ በመዝገቡ ሲጽፍ፣ ጐንደር በጠላት እጅ ሆና ነፃነቷን ትጠብቅ ነበር።

እንግዲህ በስም ላይ በደል ይሠራልን? አንዳንዱ ስም አየር ነው፣ በአፍ ተነግሮ ይጠፋል፣ ማንም ቢጠራበት የባለቤቱ አንዲት ጠጕር አትጐድልም ይላል። በመካነ ኢየሱስ ለምንኖረው ይህ ነገር አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ሄደን «አገራችሁ ወዴት ነው?» ተብለን «መካነ ኢየሱስ» ስንል፣ ስለ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን የምንናገር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አንድ ስም ለሁለት ማደሩ ማንንም አልጐዳ። ሁለቱም ስሙን ያወጡት የሚወዱትን ለመጥራት ነውና። የ17ቱ መርከቦች ስም ግን የወጣው ከፍቅር አይደለም። ባለስሞቹ ሳይጠየቁ፣ ሞታቸው ለሌላው ጌጥ ሆኖ ነው። በደሉ በድምፁ ላይ ሳይሆን ከድምፁ በስተኋላ በተኙት ሰዎች ላይ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ነገር ግን እዚህ ላይ ደርሰን ዝም ብንል ራሳችንን ብቻ ማመስገን ይሆንብናል። ከመካነ ኢየሱስ ብዙም በማይርቀው በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የሚባል ቦታ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን የእጅ ባለሞያዎች መድፍ ያሠሩበት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው፣ ክብደቱ ሰባት ቶን ያህል የሆነው መድፍ «ሴባስቶፖል» ተባለ። ሴባስቶፖል በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1854 እና በ1855 የተከበበች፣ እልፍ ሰው ያለቀባት የሩስያ ከተማ ናት። የጋፋት ሰው አላያትም፤ ከተማይቱም ስሟ በበጌምድር ለመድፍ እንደ ተሰጠ አልሰማችም። ታዲያ የእኛ ንጉሥ ያደረጉትና ሙሶሊኒ ያደረገው አንድ ነውን? አንድ አይደለም እንላለን፤ ቴዎድሮስ የሴባስቶፖልን ሰው አልገደሉም፣ ስሙንም የወሰዱት ለብርታቱ አድንቀው እንጂ ተሳልቀው አይደለም። ቢሆንም በሌላ ወገን ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ያ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጋይንት አድርጎ፣ በጨጨሆ አልፎ፣ ገደሉ እየተቈረሰለትና መንገድ እየተጠረገለት መቅደላ ደረሰ። ዛሬም ከአምባው ላይ አለ። አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ምስሉ ቆሞለታል። የጐተቱት ሰዎች ግን ማን ማን ይባላሉ? ለብረቱ ስም ወጣለት፤ ለትከሻው አልወጣለትም። ስም ባይሆን ቍጥራቸው እንኳ ልክ ሆኖ አልደረሰንም። የእስቴና የጋይንት ሰዎች ቅድመ አያቶቻችን ከነዚያ መካከል እንደሚኖሩበት እንገምታለን፤ ሄደን የምንጠይቀው መዝገብ ግን የለም።

የውጭ አገር ሰዎች ለሰርጓጅ መርከብ ስም ወይስ ቍጥር ይገባል በሚለው ነገር ብዙ ተመላልሰዋል። አሜሪካኖች በ1892 ዓ.ም. የገዟትን የመጀመሪያይቱን በሠሪዋ ስም «ሆላንድ» አሏት፤ ከዚያ በዓሣና በባሕር አውሬ ስም ሲጠሩ ቆይተው በ1904 ዓ.ም. ፊደልና ቍጥር ብቻ አደረጉት፤ ከ20 ዓመት በኋላ ደግሞ ወደ ዓሣው ተመለሱ። ኋላም የከተማና የግዛት ስም መጣ። ስለዚህ ለውጥ አድሚራል ሪኮቨር «ዓሣ ድምፅ አይሰጥም» አለ ይባላል፤ በከተማው ስም መርከብ ቢጠራ የከተማው እንደራሴ ገንዘቡን በምክር ቤት ይፈቅዳል ማለቱ ነው። ይህ ቀልድ ቢመስልም ስም የሚወጣበትን አንድ ምክንያት ገልጦ ያሳያል፤ መልአክ በሌለበት በጀት ያወጣዋል።

ጀርመኖች በቍጥሩ ጸኑ። «ዩ» ከሚል ፊደል በኋላ ቍጥር ብቻ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በነዚህ መርከቦች ካገለገሉት 40 ሺህ ያህል ሰዎች 30 ሺህ ያህሉ አልተመለሱም። ቍጥር ለአዛዡ ይመቸዋል። «47 ጠፋች» ማለት ቀላል ነው፤ በቦታዋ ሌላ ቍጥር ይተካል፣ የሚያለቅስ አይሰማም። ነገር ግን የ«ዩ-47» መርከበኞች ከማማዋ ጐን የሚያንኰራፋ ኮርማ ሣሉባት። አለቃ ስም ቢከለክል ሰው በቀለም ስም ያወጣል። በጠባብ ብረት ውስጥ ወራት የሚቀመጥ ፍጡር «በ47 ውስጥ ነኝ» ብሎ ልቡን ማሳረፍ አይችልም።

እንግሊዞችም በዚያው ጦርነት ለአዳዲሶቹ ሰርጓጅ መርከቦቻቸው «ፒ» ከሚል ፊደል ጋር ቍጥር ብቻ ይሰጡ ነበር። በ1935 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቸርችል ይህን ተቃወመ። በውስጧ ሕይወታቸውን ለሚያሳልፉ ሰዎች ስም የሌላት መርከብ አትገባቸውም ብሎ ለሁሉም ስም እንዲወጣላቸው አዘዘ። ይህን በማለቱ እናመሰግነዋለን። ሆኖም «ፒ-311» የተባለችው «ቱታንክሃመን» የሚል ስም ታስቦላት ሳለ፣ ስሙ ሳይደርሳት በታኅሣሥ 1935 ዓ.ም. በሰርዲንያ ደሴት አጠገብ ከነሰዎቿ ጠፋች። የጫነችውም በሽሬ አርአያነት እንግሊዞች የሠሯቸውን ሰው የሚቀመጥባቸው ቶርፔዶዎች ነበር። በትግራይ አውራጃ ስም የተጠራችው መርከብ በጀመረችው ሥራ፣ በግብፅ ንጉሥ ስም ልትጠራ የነበረችው ጠፋች ማለት ነው። የሁለቱም አገር ሰው በነገሩ ውስጥ የለበትም።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ፣ «ካ-141» የሚል ቍጥርና «ኩርስክ» የሚል ስም የነበራት የሩስያ መርከብ ነሐሴ 6 ቀን 1992 ዓ.ም. ፈንድታ 118 ሰዎች ሞቱ። ፍንዳታውን አልፈው በኋለኛው ክፍል የተሰበሰቡ 23 ሰዎች ነበሩ። ከመኰንኖቹ አንዱ ኮሌስኒኮቭ በጨለማ ውስጥ ሆኖ በዳሰሳ ወረቀት ጻፈ። ከጻፈውም ነገር አንዱ የ23ቱ ሰዎች ስም ዝርዝር ነው። አየር እያለቀ፣ ብርሃን ሳይኖር፣ 23 ሰዎች አለን ብሎ ቍጥሩን ጽፎ መተው ይበቃው ነበር። አልበቃውም። ቍጥሩንም ጻፈው፤ ስማቸውንም አንድ በአንድ ጻፈው።

ይህ ነገር ስለ ቍጥር ያለንን ክፉ አሳብ ጥቂት አለዘበብን። በገጠር ያደገ ሰው ቍጥርን ይፈራል። ልጆቹን፣ ከብቱንም ሲቈጥሩበት አይወድም፤ ዳዊትም ሕዝቡን በመቍጠሩ መቅሠፍት እንደ ወረደበት ከአያቶቻችን ሰምተናል። ነገር ግን ያው ዳዊት ስለ ከዋክብት ሲዘምር ለአምላኩ መቍጠርንም በስም መጥራትንም አንድ ላይ ይሰጠዋል። ስለዚህ ቍጥር በራሱ ኀጢአት አይደለም። እንዲያውም በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች ስለ ቍጥር የምንመሰክረው ቸርነት አለ። ቍጥር የማን ልጅ እንደሆነ አይጠየቅም። ወረፋ ይዞ በር ላይ የቆመው ድኻ 12ኛ ከሆነ 12ኛ ነው፤ ባለጸጋውም 13ኛ ከሆነ ይጠብቃል። በሩን በልዩ የሚያስከፍተው «እኔ የእገሌ ወንድም ነኝ» የሚለው ስም ነው። በስም የሚፈጸም አድልዎ በቍጥር ከሚፈጸም ጭካኔ ያነሰ ይመስላችኋልን? እኛ ሁለቱንም አይተናል።

ኢትዮጵያ ሰርጓጅ መርከብ ኖሯት አያውቅም። በምጽዋ የነበራት ባሕር ኃይል ግን በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የተቀበላትን፣ ቀድሞ በአላስካ ወሽመጥ ስም «ኦርካ» ትባል የነበረችውን መርከብ «ኢትዮጵያ» ብሎ ጠራት፤ ቍጥሯም «ኤ-01» ነበር። በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሸሽታ፣ በዚያው ቆይታ፣ በ1985 ዓ.ም. ገደማ ለብረታ ብረት ተሸጠች። የሚሸጣት ነጋዴ ውሉን ሲጽፍ በስሟ ይሆን በቍጥሯ የጻፈው እያልን አስበናል። በስሟ ከሆነ «ኢትዮጵያን ሸጥሁ» ብሎ መፈረም ሊከብደው ይገባ ነበር፤ በቍጥሯ ከሆነ ግን ብዕሩ ሳይደናቀፍ አልፎ ይሆናል። ምናልባት ቍጥር የሚወደደው ለዚህ ይሆን?

እንዲህ ያለ ፍልስፍና ከመናገራችን በፊት የሠራነውን መናገር ይገባናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምንሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ሽማግሌ ስለ እርሻ መሬታቸው ጉዳይ መጡ። ጋቢያቸው በጭቃ ነክቷል፤ ከሩቅ ቀበሌ በእግር የመጡ ናቸው። «አባቴ፣ የመዝገብ ቍጥርዎ ስንት ነው?» አልናቸው። የተሰጣቸው ወረቀት በጐርፍ እንደ ጠፋባቸው ነገሩንና ስማቸውን ተናገሩ፤ ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው፣ መሬቱ የሚዋሰንበትን ወንዝና የጐረቤቶቻቸውን ስም ጨምረው። እኛም «በስም አይገኝም፤ ቍጥሩን ይዘው ይምጡ» ብለን መለስናቸው። ሐሰት አልተናገርንም። መዝገቡ የተደረደረው በቍጥር ነው፤ ወረፋው ረዥም ነበር፤ ከኋላቸው የቆሙትም ያጕረመርሙ ነበር። ሽማግሌው ጥቂት ቆመው «ልጄ፣ ቍጥሩን የሰጣችሁኝ እናንተ አይደላችሁምን?» አሉና ወጡ።

ይህ ንግግር ለብዙ ቀን አልለቀቀንም። ለራሳችን ምክንያት እየሰጠን ኖርን፤ ወዳጃችን ያን የመርከቦች ዝርዝር ባሳየን ቀን ግን ምክንያቱ ሁሉ ፈረሰ። የሰው አገር ስም ወስዶ በብረት ላይ የሚጽፈውን እየወቀስን፣ ሰው ስሙን ይዞ እፊታችን ቆሞ ሳለ «በዚህ አይገኝም» ያልን እኛ ነንና። ዕረፍት በነበረበት ቀን ወደ መዝገብ ቤቱ ገብተን የዚያን ቀበሌ ፋይሎች ከአንድ ጀምሮ ገለጥን። አቧራው ብዙ ነበር። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወንዙን አገኘን፤ ቀጥሎ የጐረቤቶቹን ስም፤ ከዚያም የሽማግሌውን ከነአያታቸው፣ አንድም ሳይሳሳት እንደ ነገሩን ሆኖ።

ወደ ቀበሌያቸው መልእክት ልከን በሳምንቱ መጡ። አስቀምጠናቸው ፋይላቸውን አሳየናቸው፤ ስለ ቀድሞውም ይቅርታ ጠየቅናቸው። ማንበብ ባይችሉም ስማቸው የተጻፈበትን ቦታ አሳዩኝ ብለው በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ «ቍጥሩንም ጻፉልኝ» አሉ። በቍራጭ ወረቀት ላይ ጽፈን ሰጠናቸው፤ በጋቢያቸው ጫፍ አጥብቀው ቋጠሩት። ሊወጡ ተነሥተው ከበሩ ላይ ሲደርሱ ዘወር አሉና የእኛንም ስም ጠየቁን። ነገርናቸው።